ልጅና ወረቀት

በቀጨኔ አንድ ሕፃን ከሰፈሩ ወጣ ብሎ ሰው በማያውቀው መንደር ሲጫወት ቢገኝ፣ አላፊ አግዳሚው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስሙን አይደለም። «የማን ልጅ ነህ?» ይለዋል። ልጁም «የእገሊት ልጅ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ያቺ እገሊት የወለደችው ትሁን፣ አያቱ ትሁን፣ አክስቱ ትሁን፣ ወይም የሞተች ጎረቤቷን አደራ ተቀብላ ያሳደገችው ትሁን፣ ጠያቂው አይመረምርም። ልጁ ሰው አለው ማለት ነው፤ ሰው ያለው ልጅ ደግሞ በአገራችን ልማድ ጠፋ አይባልም።

ውድ ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ጽሑፍ ላጫውትህ ያሰብሁት ይህ ቀላል ጥያቄ ባሕር ሲሻገር ምን እንደሚሆን ነው። ነገሩ በአንድ አገር ተወልዶ በሌላ አገር ሰው ቤት፣ የሌላ አገር ሰው ልጅ ተብሎ ስለሚያድግ ሕፃን ነው። ብዙ ሰዎች ይህ በቅርብ ዘመን የመጣብን፣ ልጅ ከእኛ የሚሄድበት እንጂ ወደ እኛ የማይመጣበት መንገድ ይመስላቸዋል። ታሪኩ ግን እንደዚህ አይደለም። የእኛ ልጅ በግድ ተወስዶ በሰው አገር አድጓል፤ እኛም የሰው አገር ልጅ አምጥተን አሳድገናል፤ በኋላም በወረቀትና በማኅተም ብዙ ሺህ ልጆች ሰድደናል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በእኛ አቈጣጠር ነው።

እኔ ይህን የምጽፈው በቀጨኔ ሆኜ ነው። ቀጨኔ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ያለ ሰፈር ነው። የሸማኔው፣ የሸክላ ሠሪዋና የቀጥቃጩ መንደር ነው። ጀበናውና ምጣዱ ከዚህ ወጥቶ በከተማው ገበያ ሲሸጥ ኖሯል። (ከተማው ሁሉ እነርሱ በሠሩት ምጣድ የተጋገረውን እንጀራ እየበላ እጃቸውን ሲንቅባቸው የኖሩ ሰዎች መንደር ነው፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚሻ ስለ ሆነ አልገባበትም።) በዚሁ ሰፈር ወላጅ ያጡ ሴቶች ልጆች ሲያድጉበት የኖሩበት የመንግሥት ማሳደጊያ አለ። ለብዙ ዓመታት በከተማው ጨቅሎቹ ወደ ክበበ ፀሐይ፣ ወንዶቹ ወደ ኮልፌ፣ ሴቶቹ ወደ ቀጨኔ ሲላኩ ኖረዋል። ስለዚህ የቀጨኔ ሰው የማደጎን ነገር የሚያውቀው ከጋዜጣ አንብቦ ብቻ አይደለም።

አስቀድመን የቀደሙትን ሰዎች ልማድ እንመልከት። እነርሱ ልጅ ሲቀበሉ ወረቀት አልነበራቸውም፤ ምስክር ግን ነበራቸው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል «የጡት ልጅ» የሚባል ሥርዓት ነበር። ተቀባዩ ጣቱን ወይም ጡቱን ማር ቀብቶ በሰው ፊት ያጠባዋል፤ ከዚያ ወዲያ አንዱ የጡት አባት፣ ሌላው የጡት ልጅ ይባላል። ይህ ለሕፃን ብቻ ሳይሆን መጠጊያ ለሚፈልግ ጐልማሳም ይደረግ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን ያዩ የውጭ አገር መንገደኞችም ጽፈውታል። በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ ደግሞ ጉዲፈቻ የሚባለው ሥርዓት አለ። ልጁ ወደ አሳዳጊው ጎሣ ይገባል፤ ከአብራክ ከተከፈለው ልጅ እኩል ይወርሳል፤ እርሱን ከሌሎቹ ማበላለጥም ነውር ነው። ይህ ቃል እጅግ የተከበረ ከመሆኑ የተነሣ የቤተሰብ ሕጋችን ሌላ ቃል ሳይፈልግ ራሱን «ጉዲፈቻ» ብሎ ወስዶታል።

የእነዚህ ሥርዓቶች ጕልበት በአደባባይ መደረጋቸው ነው። አገር ሰምቷል፤ ሽማግሌ ቆሟል፤ ወላጆቹ በሕይወት ካሉም ብዙውን ጊዜ ልጁ ያውቃቸዋል። አሳዳጊ ይጨመርለታል እንጂ የወለደችው እናት አትፋቅበትም። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የሚባለውም ለዚህ ነው፤ አደራ የተቀበለ ሰው ሰጪ እንዳለበት ያውቃል።

ይሁን እንጂ የጥንቱን ነገር ሁሉ አሳምሬ ላቀርብልህ አልፈልግም። ማደጎ እየተባለ ውኃ ቀጅ፣ እንጨት ለቃሚ፣ ከብት ጠባቂ ሆኖ የቀረ፣ የቤቱ ልጆች ተማሪ ቤት ሲሄዱ በር ላይ ቆሞ የሸኘ ልጅ ብዙ ነው። ዛሬም አለ።

አሁን ወደ ባሕር ማዶው እንሻገር። ዓፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ አምባ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ የ7 ዓመት ሕፃን ነበር። የእንግሊዝ ጦር አምባውን ዘርፎና አቃጥሎ ሲመለስ ልጁንና እናቱን እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ይዞ ወረደ። እናቱ በመንገድ ሞቱ፤ ልጁ ግን ባሕር ተሻገረ። አማርኛ የሚያውቅ ስፒዲ የሚባል መኮንን፣ የእኛ ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» ያሉት፣ ሞግዚቱ ሆነ። ሕፃኑ ከርሱ መለየት አልወደደም ነበር፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ትምህርቱ ይበልጣል ብሎ ለየው። ንግሥት ቪክቶሪያ ያዝኑለት ነበር። በታላላቅ ተማሪ ቤቶች ገባ፤ ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር ትምህርት ቤትም ተላከ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሊድስ በሚባል ከተማ በሳንባ ሕመም በ18 ዓመቱ ሞተ። በዊንዘር ቤተ መንግሥት በቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤትም ተቀበረ። በ1999 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት አፅሙ እንዲመለስ ለእንግሊዝ ንግሥት ጽፈው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የሌሎችን ሙታን አፅም ሳይነኩ የእርሱን ማውጣት አይቻልም ሲል መልሷል።

ይህን ልጅ ማንም አላስራበውም፤ ማንም አላራቆተውም። በዘመኑ ከነበሩት የአገራችን ልጆች ይልቅ መጽሐፍ አይቷል፤ ለስላሳ አልጋም ተኝቷል። ነገር ግን በዙሪያው ካሉት መካከል «የማን ልጅ ነህ?» ብሎ በአማርኛ የሚጠይቀው አልነበረም። የተወሰደው እንደ ልጅ ነው ወይስ እንደ ምርኮ? ብለህ ብትጠይቅ ወሳጆቹ ራሳቸው አጥርተው የሚመልሱ አይመስለኝም። ስለ እርሱ ሲያዝኑ የነበሩት ሰዎች አባቱን የወጉት ናቸውና።

አሁን ደግሞ ከዚህ የተገለበጠውን ታሪክ ስማ። ይህን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ብነግርህ ታገሠኝ፤ ከአዲስ አበባ ልጆች መካከል እንኳ የማያውቀው ይበዛልና።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኮንን አውሮፓን ለመጐብኘት ሲነሡ አስቀድመው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። በዚያም በአርመኖች ገዳም የነሐስ መለከትና ከበሮ የሚጫወቱ ወንዶች ልጆች አዩ። እነዚህ ልጆች የሙት ልጆች ነበሩ። ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ የኦቶማን ቱርክ መንግሥት አርመኖችን ባስፈጀ ጊዜ አባቶቻቸውና እናቶቻቸው አልቀው፣ እነርሱ ከእልቂት ተርፈው፣ በአገሩ ሁሉ ተበትነው፣ ከብዙ መከራ በኋላ ወደ ገዳሙ የተሰበሰቡ ናቸው። ራስ ተፈሪ ልባቸው ተነካ፤ ሙዚቃውም ደስ አሰኛቸው። ከአርመኑ ፓትርያርክ ጋር ተነጋግረው 40ዎቹን ልጆች ወደ ኢትዮጵያ ለመውሰድ ተስማሙ።

ልጆቹ ከአስተማሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ የገቡት ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። አደይ አበባ በሚፈነዳበት፣ ልጆች የእንቍጣጣሽ ዘፈን በሚለማመዱበት ሳምንት ማለት ነው። የከተማው ሰው ማዕረግም ሆነ የውጭ አገር ስያሜ አላወጣላቸውም፤ «አርባ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። አርመኖቹ ራሳቸው እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ሁሉ ስለ እነርሱ ሲናገሩ በዚሁ በአማርኛው ስም ነው የሚጠሯቸው።

አርባ ልጆች የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። አስተማሪያቸው ናልባንዲያን የኢትዮጵያን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙን የጻፉት ዮፍታሔ ንጉሤ ናቸው። መዝሙሩ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት ቀን ተሰማ፤ ከዚያ በኋላ እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ከ40 ዓመት በላይ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ቆየ። እንግዲህ አስበው፤ በመላ ኢትዮጵያ ተማሪው ሁሉ በየማለዳው ሰንደቅ ዓላማ ሥር ተሰልፎ የሚዘምረው ዜማ ለሙት ልጆች አስተማሪ ሆኖ የመጣ ስደተኛ የደረሰው ነበር።

ራስ ተፈሪ ልጆቹን ያመጧቸው ለመለከታቸው ነው የሚል ሰው ይኖራል። እውነት አለበት። በሕግ ቃል ጉዲፈቻ አልነበረም፤ ልጆቹ መጡ፣ ሠሩ፣ ደመወዝም ተቀበሉ። እኔ ግን ከአለማየሁ ጋር ሳስተያያቸው የሚደንቀኝ ሌላ ነው። ስማቸውን ማንም አልለወጠባቸውም። ቋንቋቸውን የሚናገሩ፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ የሰፈሩ አርመኖች ነበሩ፤ ቅዳሴያቸውን በቋንቋቸው ይሰሙ ነበር፤ በኋላም የአርመኖቹ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በመካከለኛው ከተማ ታነጸ። አንድ ልጅ «የማን ልጅ ነህ?» ቢባል የሞቱትን አባቱንና እናቱን በስማቸው ለመጥራት የሚከለክለው አልነበረም። ከእነርሱ ውስጥ ወደ ሌላ አገር የሄዱ አሉ፤ እዚሁ አግብተው፣ ወልደው፣ አማርኛን እንደ አራዳ ልጅ እየተናገሩ ያረጁም አሉ። ከአስተማሪያቸው ቤተ ሰብ የሆነው ነርሲስ ናልባንዲያን ደግሞ ለዘመናዊው ሙዚቃችን ብዙ ተማሪ አፍርቷል።

ወደ ሕጉ እንመለስ። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጅን በውል መቀበልን ደነገገ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ረኔ ዳቪድ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም በዚያው መንገድ ሄደ። በዚህ ሕግ ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው አንቀጽ አለ። የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም ይላል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ በሚሆንበት ጊዜ ግን የአሳዳጊው ይቀድማል። ይህ እንግዲህ የማር ጡቱና የጉዲፈቻው መንፈስ በሕግ ቋንቋ የተጻፈ ነው ማለት ይቻላል።

በባሕር ማዶው ያለው ሕግ ከዚህ የተለየ ነው። በአሜሪካ በብዙዎቹ ግዛቶች ጉዲፈቻ ሲጸድቅ ለልጁ አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ በወረቀቱም ላይ አሳዳጊዎቹ እንደ ወለዱት ሆነው ይጻፋሉ፤ የቀድሞው ይታሸጋል። በብዙ የአውሮፓ አገሮችም የቀድሞው የሥጋ ዝምድና በሕግ ይቋረጣል። እንግዲህ አንዲት እናት እዚህ ስትፈርምና አንድ ባልና ሚስት እዚያ ሲፈርሙ፣ ወረቀቱ አንድ ሆኖ ነገሩ ሁለት ነበር። የእኛ ሰው ከጥንት ጀምሮ ልጁን ከተማ ላለ ዘመድ ይሰጣል፤ ልጁ ይማራል፤ ይጠይቃል፤ ለበዓል ይመጣል፤ ሲያልፍለትም ወላጆቹን ይጦራል። ብዙ እናቶች ለፈረንጅ ሲፈርሙ በልባቸው የፈረሙት ይህን ነው። ልጄ ተምሮ ይመለሳል ብለው ነው። ፈረንጆቹም ብዙዎቹ ክፉ አልነበሩም፤ የተቀበሉት ዘመድ የሌለው ልጅ መስሏቸው ነበር።

«ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል። በዚህ ነገር ግን ወረቀቱ ልጁ የያዘውን አስለቀቀው።

ወደ ውጭ አገር መሄዱ በጥቂቱ ነው የጀመረው። በ1960ዎቹ ወደ ስዊድን ከሄዱት መካከል ካሳሁን የተባለ ሕፃንና እኅቱ ይገኛሉ። እናታቸው የሳንባ ነቀርሳ ይዟት፣ እነርሱም ታመው፣ በእግሯ አዲስ አበባ ድረስ አምጥታቸው ሞተች። ልጆቹ ድነው ዮተቦሪ በሚባለው የስዊድን ከተማ አንድ ቤተ ሰብ ተቀበላቸው። ያ ሕፃን ዛሬ ማርከስ ሳሙኤልሰን ተብሎ በኒው ዮርክ የታወቀ ወጥ ቤት ሆኗል፤ በ2002 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት ኦባማ የመጀመሪያ ይፋ የመንግሥት ግብዣ ላይ ያበሰለው እርሱ ነው። አሳዳጊዎቹን አክብሮና አመስግኖ ይናገራል። ነገር ግን አባት እንደሌለው አምኖ ካደገ በኋላ፣ ዝና ያለው ጐልማሳ ሆኖ፣ አባቱ በኢትዮጵያ በሕይወት መኖሩን ሰማ፤ መጥቶም አባቱን፣ ወንድሞቹንና እኅቶቹን አገኘ። ከጥሩ አሳዳጊ እጅ ለወደቀው ለዚህ ልጅ እንኳ አንድ አባት ያህል ነገር ከወረቀቱ ጐድሎበት ነበር።

ከዚያም በረሃቡ ዘመንና በኤድስ ዘመን የሙት ልጅ በዛ። «የሙት ልጅ» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ነገር ሰውሯል። የዓለም ድርጅቶች ሲቈጥሩ ከእናትና ከአባቱ አንዱ የሞተበትን ሁሉ በዚያው ስም ይቈጥራሉ፤ ባሕር ማዶ ያለው አንባቢ ግን «ሁለቱም የሞቱበት፣ ማንም የሌለው» ብሎ ይረዳዋል። በ1992 ዓ.ም. ገደማ ወደ አሜሪካ በዓመት የሚሄዱት ልጆች መቶ ገደማ ነበሩ፤ ከ10 ዓመት በኋላ በዓመት 2,500 ገደማ ደረሱ። ያን ጊዜ ለአሜሪካ ከቻይና ቀጥሎ ብዙ ልጅ የምትሰጠው አገር ኢትዮጵያ ነበረች። ወደ ዓለም ሁሉ የሄዱት ሲደመሩ በዓመት ከ4,000 ያልፉ ነበር። አንድ ቤተ ሰብ አንድ ልጅ ለመውሰድ የሚያወጣው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከ20,000 ዶላር በላይ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ በድኻ አገር ሲዘዋወር ምን እንደሚከተለው ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። ወላጅ ያለው ልጅ ወላጅ የለውም ተባለ፤ የ7 ዓመቷ 4 ዓመቷ ነው ተባለ፤ መንደር ለመንደር እየዞሩ ልጅ የሚፈልጉ ደላሎችም ተነሡ። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ የአንድ አስማሚ ድርጅት ሰዎች በኢትዮጵያ ልጆች ጉዳይ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበዋል ተብለው ተከሰው፣ ከመካከላቸው ጥፋታቸውን ያመኑ አሉ።

በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ጉዳዩን የሚመለከተው የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ሚኒስቴር በቀን እስከ 50 ይታይ የነበረውን ማመልከቻ ወደ 5 ዝቅ አደረገ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር፣ ከሦስት ዓመት በፊት ከአዲስ አበባ የሄደች የ13 ዓመት ልጅ በአሜሪካ በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ ጓሮ በብርድና በረሃብ ሞተች። አሳዳጊዎቿ በ2005 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተብለው ቈይተውም ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። የዚህች ልጅ ሞት በአገራችን ያስቈጣውን ያህል ሌላ ነገር አላስቈጣም። በመጨረሻም በጥር 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻን ከለከለ። በ20 ዓመት ጊዜ ውስጥ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ልጆች ሄደው ነበር።

ክልከላው ትክክል ነበር? ውድ አንባቢ ሆይ፤ እኔ ትክክል ነበር ባይ ነኝ፤ ነገር ግን ጭብጨባ አይገባውም። አገራችን የተቀበለችው የአፍሪካ የሕፃናት መብት ቻርተር ልጅን ወደ ሌላ አገር መስጠትን የመጨረሻ አማራጭ ያደርገዋል። የመጨረሻ አማራጭ ሲዘጋ የመጀመሪያው ክፍት መሆን ነበረበት። በፈረንጅ ቤት ተድላ ያገኙ፣ ልባቸው የማይነዝር ብዙ ልጆች እንዳሉ መካድ ሐሰት ነው። በሩ ሲዘጋ በማሳደጊያው ውስጥ የቀሩትስ? 18 ዓመት ሲሞላቸው ከቀጨኔ ደጅ ወጥተው የቤት ኪራይ ራሳቸው የሚከፍሉ፣ በበዓል ቀን የሚሄዱበት ዘመድ የሌላቸው ልጃገረዶች በየመንገዱ እናልፋቸዋለን። በነርሱ ፊት «ልጆቻችንን አስቀረን» ብሎ መኵራራት ከንቱ ነው።

የሕጉ በር ለእኛ ክፍት ነው። 25 ዓመት የሞላው ሰው የጉዲፈቻ ልጅ መቀበል ይችላል፤ ባለትዳሮች ከሆኑ በአንድነት ይቀበላሉ፤ ፍርድ ቤት የልጁን ጥቅም መርምሮ፣ የልጁንም አሳብ ሰምቶ ያጸድቃል። አንዴ ከጸደቀ በኋላ አይሻርም፤ የሚሻረው አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ቢያደርገው ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጐዳ መንገድ ቢይዘው ነው። ይህም አንቀጽ በር ላይ ቆሞ ለቀረው ማደጎ የታሰበ ይመስለኛል።

ታዲያ በእኛ ዘንድ የሚሰናክለው ድኽነት ብቻ አይደለም፤ ምስጢር ነው። መካን ሴት ሕፃን ስትቀበል ሆድዋን በጨርቅ አስራ «አረገዝሁ» የምትልበት፣ ሰፈር የምትለውጥበት ጊዜ አለ። ለልጁ አይነገረውም። ሰው ግን ያውቃል፤ ቡና ላይ ይንሾካሾካል። ከዚያ ልጁ ጐልምሶ አባቱ ሲሞትበት፣ የአርባው ቀን ሳይደርስ፣ አንድ የውርስ ዐይን ያለው ዘመድ «አንተ እኮ የማደጎ ነህ» ብሎ ድንኳን ውስጥ ይነግረዋል። ከዚህ የከፋ የወሬ አቀራረብ እኔ አላውቅም። የፈረንጁ ቢሮ በወረቀት ያደረገውን እኛ በዝምታ እናደርገዋለን።

ወደ ውጭ አገር የሄዱት ልጆች ዛሬ ብዙዎቹ ጐልማሶች ናቸው። ዘራቸውን በዘረ መል ምርመራ የሚፈልጉ አሉ፤ «ቤተሰብ ፍለጋ» በሚል ስም የጠፉትን ወላጆችና ልጆች የሚያገናኝ ድርጅትም አለ። በአስተርጓሚ እየታገዙ ቀጨኔና ኮልፌ ድረስ የሚመጡ አሉ። የሚፈልጉት ገንዘብ ወይም ርስት አይደለም። አንድ የድሮ መዝገብ፣ አንድ የቀበሌ ስም፣ ያመጣቸው ሰው ማን እንደ ነበረ የሚል አንዲት መስመር ነው። መዝገቡ በሥርዓት ከተያዘ አንዲት እናት ትገኛለች፤ ካልተያዘ ወይም የተጻፈው ሐሰት ከሆነ ሰውየው ባዶ እጁን ይመለሳል። የማሳደጊያ ጸሐፊ የምትሆን ወጣት ካለህ፣ እባክህ፣ ቀኑንና ስፍራውን ጥርት አድርገህ ጻፍ።

በእኛ መንደር አንድ ሸማኔና ሚስቱ አሉ። ልጅ አልወለዱም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከማሳደጊያ አንዲት ሕፃን በፍርድ ቤት ተቀበሉ። ያን ዕለት ጎረቤቱንና የእድሩን ሽማግሌዎች ጠርተው ጠላ ጠምቀው «ከፍርድ ቤት ልጅ አምጥተናል፤ ስሟ ይህ ነው» ብለው ነገሩን። እኔም ከጠጪዎቹ አንዱ ነበርሁ። ወረቀቷን ከክርስትና ካርዷ ጋር በሣጥን አስቀመጡ። ማንበብ በቻለች ዓመት አባትዋ ከሣጥን አውጥቶ «እስቲ አንብቢልኝ፤ እኔ መነጽሬን አላገኘሁም» አላት። እየተደናቀፈች አነበበች። ከተገኘችበት የፖሊስ ጣቢያ ስም ላይ ስትደርስ ቆም ብላ «ይህ የት ነው?» አለች። እናትዋ «እኛም አላየነውም፤ አብረን ሄደን እናየዋለን» አለቻት። ባለፈው ዓመት ሦስቱም ሄዱ። የጣቢያው ፖሊስ የዚያን ዘመን መዝገብ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሯል፤ ከመስቀል በኋላ ተመለሱ አላቸው። ልጅቱ ቀኑን በደብተርዋ ጽፋ ይዛለች።